ሦስት መቶ ዓመት ያላረጀው ቫዮሊን፦ ስለ 1716ቱ «መሢሕ» የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ባለፈው እትም ስለ አሮጌ የአውታር መሣሪያዎች ስንጽፍ፣ ኦክስፎርድ በሚገኘው አሽሞሊያን ሙዚየም በመስታወት ሣጥን ውስጥ ስለተቀመጠው፣ «መሢሕ» ስለሚባለው የጣሊያናዊው ቫዮሊን ሠሪ የአንቶንዮ ስትራዲቫሪ ቫዮሊን በአንድ አንቀጽ ብቻ ጠቅሰን አልፈን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ግን ስለዚያች አንቀጽ የሚጠይቁ ናቸው። የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተነዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የመሣሪያውን ክፍሎች ከክራርና ከማሲንቆ በምናውቃቸው ቃላት እንጠራቸዋለን፦ መቃኛ፣ በርኩማ፣ ደጋን፣ ክር።

ጥያቄ፦ ቫዮሊኑ ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል ብላችኋል። ፎቶውን ሳየው ግን ትናንት ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ሌሎቹ የስትራዲቫሪ ሥራዎች ቀለማቸው ተገፏል፣ ጠርዛቸው አልቋል። ይኼኛው ምን ተደርጎ ነው? (የቫዮሊን ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ምንም አልተደረገም። አለመነካቱ ነው ልዩ ያደረገው።

ቫዮሊን ሲጫወቱበት የሚያልቀው በታወቁ ቦታዎች ነው። አንደኛው በፊቱ ላይ፣ ከታች፣ በክሮቹ መያዣ ግራና ቀኝ ነው። የአገጭ ማሳረፊያ የመጣው በ1820 ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት አገጭና ጢም የሚያርፉት በቀጥታ እንጨቱ ላይ ነበር፤ ላቡም ቫርኒሹን ይበላዋል። ሁለተኛው በላይኛው ትከሻ በቀጭኑ ክር በኩል ያለው ቦታ ነው፤ ግራ እጅ ወደ ከፍተኛው ድምፅ ሲወጣ መዳፉ የሚተሻሸው እዚያ ነው። ሦስተኛው የጀርባው ጉብታ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲጋደም ጠረጴዛውን የሚነካው እሱ ነው። አራተኛው በቫዮሊኑ ራስ ላይ ያለው ጥምዝ ነው፤ ሰው መሣሪያውን ሲያነሣም ሲያስቀምጥም የሚይዘው እዚያ ላይ ነው።

በ«መሢሕ» ላይ እነዚህ አራቱም ቦታዎች ቫርኒሻቸውን እንደያዙ ናቸው። ቀለሙ በወርቅማ መደብ ላይ ያረፈ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ብርቱካናማ ነው። የጠርዙ ስለት በጣት ቢዳሰስ ገና የሚሰማ ዓይነት ነው። በተለይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ስትራዲቫሪ የጥምዙን ጠርዝ ዙሪያውን በቀጭን ጥቁር መስመር ይቀባው ነበር። በአብዛኞቹ መሣሪያዎቹ ላይ ይህ መስመር በእጅ ብዛት ጠፍቶ እዚህም እዚያም ቁርጥራጭ ብቻ ነው የሚታየው። በዚህ ላይ ግን እንደተቀባ አለ።

ጀርባው ሜፕል ከሚባል ዛፍ ሁለት ቁራጭ የተጋጠመ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት የሚንቀሳቀስ የሚመስል ሞገድ አለው። ፊቱ ስፕሩስ ከሚባለው፣ ከጥድ ወገን ከሆነ የተራራ ዛፍ የተሠራ ነው። የአካሉ ርዝመት 35.5 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ዛሬ ሙሉ መጠን የምንለው ቫዮሊን የተለካው በዚያ ዘመን ሥራዎች ነው ማለት ይቻላል። በዙሪያው፣ ከጠርዙ ጥቂት ሚሊሜትር ገባ ብሎ፣ እንደ ነጠላ ጥለት የሚዞር ባለሦስት መስመር አለ፦ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር። ይህ ቀለም አይደለም። ቦይ ተቆፍሮ የተቀበረ ቀጭን እንጨት ነው። ሥራውም ማስጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጠርዙ ቢመታ ስንጥቁ ወደ መሀል እንዳይሮጥ ይገታዋል። አራቱ ማዕዘን ላይ ሁለቱ ጥቁር መስመሮች ተገናኝተው እንደ ንብ መንደፊያ የሾለች ጫፍ ይሠራሉ። የአንድ ሠሪ እጅ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ በዚህች ጫፍ ነው።

ጥያቄ፦ ከሠሪው እጅ ወጥቶ ሙዚየም እስኪገባ በማን በማን እጅ አለፈ? «መሢሕ» የሚለውን ስም ያወጣለትስ ማን ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሰንሰለቱ ከሞላ ጎደል የተሟላ ነው። ለአንድ አሮጌ ቫዮሊን ይህ ብርቅ ነው።

ስትራዲቫሪ በ1716 በጣሊያኗ ከተማ ክሬሞና ውስጥ ሠራው፤ ግን አልሸጠውም። በ1737 ሲሞት እዚያው ሥራ ቤቱ ውስጥ ነበር። አብረውት ይሠሩ የነበሩት ልጆቹ ኦሞቦኖና ፍራንቼስኮ በ1742 እና በ1743 ተከታትለው ሞቱ፤ ንብረቱም ጨርቅ ነጋዴ ለነበረው ለሌላው ልጁ ለፓኦሎ ደረሰ። ፓኦሎ በ1775 ከቀሩት መሣሪያዎች ጋር ለኮዝዮ ዲ ሳላቡዌ ሸጠው። ኮዝዮ ያኔ የ20 ዓመት ወጣት መኳንንት ነበር፤ መሣሪያ መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን እየለካ፣ መልኩንና ጉዳቱን እየጻፈ በማስታወሻ ደብተር ያስቀምጥ ነበር። የስትራዲቫሪን የእጅ ሥራ መሣሪያዎች፣ የቫዮሊን አካል የሚሠራባቸውን የእንጨት ቅርጾችና የወረቀት ንድፎችም ገዛ። ዛሬ ክሬሞና በሚገኘው የቫዮሊን ሙዚየም የምናያቸው የእንጨት ቅርጾች የመጡት በእሱ በኩል ነው፤ ጁዜፔ ፊዮሪኒ የተባለ ቫዮሊን ሠሪ በ1920 ከወራሾቹ ገዝቶ በ1930 ለከተማዋ ሰጣቸው። ኮዝዮ ባይኖር ኖሮ ስለዚህ ሰው አሠራር የምናውቀው ግማሹን እንኳ ባልሆነ ነበር።

በ1827 ቫዮሊኑን ሉዊጂ ታሪሲዮ ገዛው። ታሪሲዮ በየመንደሩና በየገዳሙ እየዞረ አሮጌ መሣሪያ የሚለቅም፣ ከዚያም ፓሪስ ወስዶ የሚሸጥ ሰው ነበር። ፓሪስ በሄደ ቁጥር ይህን ቫዮሊን ያወድሳል፤ ይዞት ግን አይመጣም። አንድ ቀን በፓሪሱ ቫዮሊን ሠሪና ነጋዴ በዣን ባቲስት ቪዮም ሱቅ ውስጥ ይህንኑ ሲያወራ፣ የቪዮም አማች የነበረው ቫዮሊን ተጫዋች ዴልፋን አላር፣ «ታዲያ ይህ ቫዮሊንህ እንደ መሢሕ ነው፤ ዘወትር ይጠበቃል፣ መቼም አይመጣም» አለው ይባላል። ስሙ ከዚያ ወዲህ ቀረ።

ታሪሲዮ በ1854 ሞተ። ቪዮም ወሬው እንደደረሰው ጣሊያን ወርዶ በ1855 መጀመሪያ ላይ ከወራሾቹ ሙሉውን ክምችት፣ ከመቶ በላይ መሣሪያዎችን፣ ገዛ። «መሢሕ»ም ከእነሱ አንዱ ነበር። ቪዮም እስኪሞት ድረስ፣ ማለትም እስከ 1875፣ አልሸጠውም፤ በ1872 ብቻ ለንደን ሳውዝ ኬንሲንግተን በተደረገ የጥንት መሣሪያዎች ትርኢት ላይ እንዲታይ ፈቀደ። ከእሱ በኋላ ስሙን ላወጣለት ለአላር ደረሰ። አላር በ1888 ሲሞት ወራሾቹ በ1890 በለንደኑ የቫዮሊን ነጋዴዎች በሂል ቤት አማካይነት ለኤድንብራው ሮበርት ክሮፎርድ በ2,000 ፓውንድ ሸጡት፤ በዚያ ዘመን ለቫዮሊን ተሰምቶ የማይታወቅ ዋጋ ነበር። በ1904 ሂሎች መልሰው ገዙት፤ በ1913 ሪቻርድ ቤኔት ወሰደው፤ በ1928 እንደገና ወደ ሂሎች ተመለሰ። ወንድማማቾቹ አርተርና አልፍሬድ ሂል በ1939 ለአሽሞሊያን ሙዚየም በስጦታ ሰጡት፤ ለኋላ ዘመን ሠሪዎች መለኪያ ሆኖ እንዲኖር እንጂ እንዲጫወቱበት አልነበረም።

ይህን ሰንሰለት ሲያነቡ አንድ ነገር ያስተውሉ። በየእጁ የቆየው ለረጅም ጊዜ ነው፤ ከባለቤቶቹም አብዛኞቹ ሰብሳቢዎችና ነጋዴዎች ናቸው። አላር ተጫዋች ቢሆንም፣ በየምሽቱ መድረክ ላይ ሲጫወቱበት የኖረ መሣሪያ አይደለም። በመጀመሪያው መልስ ለተነሣው አዲስ መምሰል ምክንያቱ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ቪዮም ራሱ ሠርቶ በስትራዲቫሪ ስም አሳለፈው የሚል አንብቤያለሁ። እውነት ነው? (ከለንደን)

መልስ፦ ጥርጣሬው ከምቀኝነት የመጣ አይደለም፤ መሠረት ነበረው። ቪዮም በ19ኛው መቶ ዘመን ከነበሩት የስትራዲቫሪ ሥራ አስመሳዮች ሁሉ የላቀ ነበር፤ «መሢሕ»ንም ደጋግሞ ቀድቶታል። ያላረጀ ቫዮሊን ከእንዲህ ያለ ሰው እጅ ሲወጣ ማንም ሊጠይቅ ይገባዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የመሣሪያዎች ጠባቂ የነበረው ስቲዋርት ፖለንስ ጉዳዩን በግልጽ አነሣ፤ የኮዝዮ ማስታወሻ ውስጥ ያለው ገለጻ ዛሬ ከምናየው መሣሪያ ጋር በሁሉም ነገር አይገጥምም ብሎ።

ክርክሩን ወደ ፊት የወሰደው የዛፍ ቀለበት ቆጠራ ነው። እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እናስረዳ። የቫዮሊን ፊት የሚሠራው ግንዱ ከመሀል ወደ ልጡ በኩል ተሰንጥቆ ስለሆነ፣ የዛፉ ዓመታዊ ቀለበቶች በፊቱ ላይ ከላይ እስከ ታች እንደተሰመሩ ቀጥ ያሉ መስመሮች ሆነው ይታያሉ። ቅዝቃዜ የበረታበት ዓመት ጠባብ መስመር ይተዋል፤ ሞቅ ያለው ዓመት ሰፊ። እያንዳንዱ ክፍተት በሚሊሜትር መቶኛ ይለካል፤ የጠባብና የሰፊው ቅደም ተከተል ከአልፕስ ተራሮች ዛፎች ዓመታቸው ከታወቀ መዝገብ ጋር ይነጻጸራል። ለዚህ መሣሪያውን መቁረጥም መፋቅም አያስፈልግም።

በ2004 በታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት መሠረት የ«መሢሕ» ቀለበቶች ከ1577 እስከ 1687 ይደርሳሉ። ዛፉ በ1687 ቆሞ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ተቆርጦ፣ የውጨኛው ክፍል ተላጦ፣ ለዓመታት ደርቆ በ1716 መሥራት የሚገርም አይደለም። ቀደም ሲል አንድ ጀርመናዊ ባለሙያ ከፎቶግራፍ ተነሥቶ የመጨረሻው ቀለበት የ1738 ነው ብሎ ነበር፤ ይህ እውነት ቢሆን ስትራዲቫሪ ከሞተ በኋላ የበቀለ ቀለበት ሊሆን ነው። በኋላ ግን ሐሳቡን አንሥቷል። ከፎቶ መቁጠር ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ መማር ይቻላል፤ አንድ ቀጭን ቀለበት ከተዘለለ ወይም ጥላ እንደ ቀለበት ከተቆጠረ መላው ሰንሰለት ይንሸራተታል።

ሆኖም ቆጠራው ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። የሚነግረን «ከዚህ ዓመት በፊት ሊሠራ አይችልም» የሚለውን ነው፤ «ከዚህ በኋላ አልተሠራም» ብሎ መናገር አይችልም። በ1850 የሚኖር ሰው የ17ኛው መቶ ዘመን እንጨት ከአሮጌ ቤት ሊያገኝ ይችላልና። ስለዚህ ሦስት ምስክሮች አንድ ላይ መቆም አለባቸው፦ እንጨቱ፣ የሠሪው እጅ፣ የባለቤትነቱ ወረቀት። እዚህ ላይ እንጨቱ ዘመኑን አይቃወምም። በመቃኛው ሣጥን ውስጥ የሚታየው «ጂ» ፊደል ክሬሞና ከቀሩት፣ በፊደል ከሚለዩት ቅርጾች ልማድ ጋር የሚሄድ ነው። የባለቤቶቹ ሰንሰለትም እስከ ሥራ ቤቱ ይወስደናል። ዛሬ አብዛኞቹ ባለሙያዎች የስትራዲቫሪ ሥራ መሆኑን ይቀበላሉ፤ እኛም የምናምነው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ከ1716 ጀምሮ ምንም አልተለወጠበትም? (ከዚያው ከለንደን ጠያቂ)

መልስ፦ ተለውጦበታል፤ የተለወጠው ግን ዓይን ቶሎ የማያየው ነው። በስትራዲቫሪ ዘመን የቫዮሊን አንገት አጠር ያለ ነበር፤ ከአካሉ ጋር የሚያያዘውም ከውስጥ በተመታ ምስማር ነበር። ከ1800 ወዲህ አዳራሹ ሰፋ፣ የድምፅ ቅኝቱም ከፍ አለ፤ ክሮቹ ይበልጥ ተወጠሩ። በዚህም ምክንያት የአሮጌ ቫዮሊኖች አንገት እየተነቀለ በረጅም ተተካ። «መሢሕ» ላይ የመጀመሪያው አንገት አልተጣለም፤ ተቀጥሎበት ነው የረዘመው። ከፊቱ ሥር በወፍራሙ ክር በኩል ተጣብቆ የሚሄደው ቁመታዊ እንጨትም፣ ባስ ባር የሚባለው፣ በጠንካራ ተተክቷል። መቃኛዎቹና የክሮቹ መያዣ የቪዮም ጭማሪዎች ናቸው፤ መያዣው ላይ የክርስቶስ ልደት ተቀርጿል፣ ከስሙ ጋር እንዲሄድ። ቪዮም የሰጠው ጌጥ መሆኑን ሳያውቁ «ስትራዲቫሪ እንዲህ ይቀርጽ ነበር» የሚሉ ጽሑፎች ሲያጋጥሙዎት አይቀበሏቸው።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ አያቴ ትተውልኝ የሄዱት ቫዮሊን አለ። በቀዳዳው ሲታይ ውስጡ «አንቶንዩስ ስትራዲቫሪዩስ ክሬሞኔንሲስ ፋቺዬባት አኖ 17..» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ሰው ሁሉ «ሀብታም ሆንሽ» እያለኝ ነው። ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ከሁሉ በፊት አይጥረጉት፣ አያስቀቡት፣ ወረቀቱንም አይንኩት። አሁን እውነቱን እንንገርዎ፦ ይህ ወረቀት በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቫዮሊኖች ውስጥ አለ። በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዘመን በጀርመን ማርክኖይኪርሽንና ሚተንቫልድ፣ በቦሄሚያ ሾንባህ፣ በፈረንሳይ ሚርኩር በብዛት ይመረቱ የነበሩ ቫዮሊኖች የተቀዱበትን ሞዴል ለማመልከት የስትራዲቫሪን ወይም የሌሎቹን የክሬሞና ሠሪዎች፣ የአማቲን ወይም የጓርኔሪን፣ ስም ይለጥፉ ነበር። ስትራዲቫሪ በሕይወቱ ሠርቷቸዋል ተብሎ የሚገመተው 1,100 ገደማ መሣሪያ ነው፤ የቀሩት 650 ያህል ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የት እንዳሉ ይታወቃል። የአያትዎ ከእነዚያ አንዱ የመሆኑ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ይህን የምንለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ የማያውቁት ሰው «ላስገምትልሽ» ብሎ ገንዘብ እንዳይወስድብዎ ነው።

የመሣሪያውን ማንነት ራስዎ እስከተወሰነ ደረጃ ማየት ይችላሉ። ትንሽ የእጅ ባትሪና የጥርስ ሐኪም መስታወት የመሰለች ትንሽ መስታወት ያዘጋጁ። ከፊት ለፊት ሲያዩት ወረቀቱ የሚታየው በግራ በኩል ባለው ቀዳዳ ነው። በወረቀቱ ላይ ወይም ከሥሩ በትንሹ የተጻፈ የአገር ስም ይፈልጉ። ከ1891 ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ ወደ አገሩ የሚገባ ዕቃ የትውልድ አገሩን እንዲጽፍ ያስገድድ ስለነበር፣ «ጀርመን» የሚል ካለበት ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው፤ «ቼኮዝሎቫኪያ» የሚል ከሆነ ደግሞ ከ1918 ወዲህ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች በእጅ ተጽፈዋል ወይስ ታትመዋል? በስትራዲቫሪ ወረቀቶች ላይ በእጅ ነበሩ። ይህ ግን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ወረቀት ማንም ይለጥፋል።

ከወረቀቱ ይልቅ እንጨቱን ይመልከቱ። ዙሪያውን ያለው ጥለት እውነተኛ ከሆነ ጥፍርዎን ሲያስኬዱበት መጋጠሚያው ይሰማዎታል፤ በቀለም የተሳለ ከሆነ ገጹ ለስላሳ ነው፣ ማዕዘኑ ላይም መስመሩ ይወፍራል። በመስታወቱ የውስጥ ማዕዘኖቹን ይዩ፤ በክሬሞና አሠራር በየማዕዘኑ የዊሎው እንጨት ጉርድ አለ፤ ጎኑን የሚደግፉት ቀጭን እንጨቶችም ጫፋቸው ወደ ጉርዱ ተቆርጦ ይገባል። ርካሽ በሆኑ የፋብሪካ ሥራዎች ውስጥ ጉርዱ ጨርሶ የለም፣ ወይም ከውጭ እንዲታይ ብቻ ስስ ቁራጭ ተለጥፏል። ባስ ባሩም ተለይቶ የተጣበቀ ሳይሆን ከፊቱ እንጨት ጋር አብሮ ተቀርጾ የቀረ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የመቃኛው ሣጥን ነው። አሮጌ መሣሪያ አንገቱ ሲተካ ራሱ ይቀራል፤ ስለዚህ ከሣጥኑ ሥር፣ በግራም በቀኝም፣ አዲሱ አንገት የገባበት መጋጠሚያ ይታያል። የእንጨቱ ሥር፣ ማለትም የቃጫው መስመር፣ ከመጋጠሚያው በላይና በታች የተለያየ መሆን አለበት፤ በሣጥኑ ውስጥም መቀጠል አለበት። ፋብሪካዎች ይህን መስመር በብረት ጭረት ይኮርጁት ነበር፤ ሥሩ ሳይቋረጥ መስመሩን አልፎ ከሄደ ጭረት ነው።

ርዝመቱን በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ፤ የብረት ሜትር ቫርኒሹን ይቧጫል። ከጀርባው፣ አንገቱ ሥር ያለችውን ግማሽ ክብ ጉርድ ሳይጨምሩ፣ ከላይኛው ጠርዝ እስከ ታችኛው ጠርዝ። 35.5 ወይም 35.6 ሳንቲሜትር ከሆነ ሙሉ መጠን ነው፤ 33.5 አካባቢ ከሆነ ለልጅ የሚሆን ሦስት አራተኛ ነው። ሜትሩ በጉብታው ላይ ስለሚጎብጥ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ሊጨምር ይችላል።

ከዚያ ፎቶ ያንሡ፦ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ሁለቱን ጎኖች፣ ራሱን ከሦስት አቅጣጫ፣ ወረቀቱን። ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ። ሁለት ሜትር ያህል ርቀው አጉልተው ያንሡት፤ ተጠግተው ካነሡት መሀሉ ያብጥና ቅርጹ ይዛባል። እነዚህን ፎቶዎች ይዘው ታማኝ የጨረታ ቤት ወይም ቫዮሊን ሠሪ ቢጠይቁ፣ መሣሪያውን ማየት ይገባው እንደሆነ ሊነግርዎ ይችላል። የፋብሪካ ቢሆን እንኳ አያትዎ የተዉልዎ ነው፤ በደንብ ከተሰናዳ ልጅ ሊማርበት የሚችል መሣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ቫዮሊኔን ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ ይዤው መጣሁ። በሁለት ወር ውስጥ ከታች በኩል ፊቱና ጎኑ ተላቀቁ፣ መቃኛዎቹም አልይዝ አሉ። በሱፐር ግሉ ላጣብቀው? (ከዱባይ)

መልስ፦ በፍጹም። ቫዮሊን የሚጣበቀው ከእንስሳ ቆዳ በሚቀቀል ሙጫ ነው፤ ፊቱ ከጎኑ ጋር ሲጣበቅም ሆን ተብሎ ቀጠን ተደርጎ ነው። እንጨት ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ የሆነ ቦታ መልቀቅ አለበት። ሙጫው ከለቀቀ ጥገናው ቀላል ነው፤ ሙጫው ካልለቀቀ የሚሰነጠቀው እንጨቱ ነው። ሱፐር ግሉ ወይም የአናጢ ኮላ ከገባበት ቀጥሎ ያለው ስንጥቅ በፊቱ መሀል ይሆናል፤ ጠጋኙም ያንን ማጣበቂያ ለማንሣት እንጨት መፋቅ ይኖርበታል።

የደረሰብዎ ነገር ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውጭው እርጥብ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ማቀዝቀዣው አየሩን ያደርቀዋል፤ መሣሪያው በቀን ሁለት ሦስቴ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። መቃኛውም ሲደርቅ ይቀጥናል፣ ይንሸራተታል። ሣጥኑ ውስጥ እርጥበት መለኪያ ያስገቡ፤ ከ40 እስከ 60 በመቶ መሀል ይጠብቁት። ማቀዝቀዣው በቀጥታ የሚነፍስበት ቦታ አያኑሩት፣ መኪና ውስጥም ጥለውት አይሂዱ።

አሁን ክሮቹን ያላሉ፤ ሁሉንም ግን አያውልቁ። ከበርኩማው ቀጭን ክር በኩል ካለው እግር ትንሽ ወደ ኋላ፣ በፊቱና በጀርባው መሀል፣ ያለ ሙጫ የቆመ የድምፅ ምሰሶ አለ፤ ክሮቹ በሙሉ ሲወልቁ ሊወድቅ ይችላል። ከዚያ በጣትዎ አንጓ ዙሪያውን ቀስ ብለው ያንኳኩ፤ የተላቀቀበት ቦታ የሚንጣጣ ድምፅ ይሰጣል፤ እዚያም ቀጭን ወረቀት ይገባል። ቦታዎቹን በወረቀት ላይ ስለው ለጠጋኙ ይስጡት። ከሁሉ የከፋው ጉዳት ምሰሶው የቆመበት የጀርባ ቦታ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ ነው፤ እንዲህ ያለ መስመር ካዩ መጫወት ያቁሙ። በአልኮል አይጥረጉት፤ ቫርኒሹን ያሟሟዋል። ደጋኑ ከሚቀባው የዛፍ ሙጫ የሚረግፈው ዱቄት በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይለቃል፣ በየቀኑ ከተጠረገ።

ጥያቄ፦ የባለቤትነት ታሪኩ ላይ ክፍተት ያለበት ቫዮሊን መግዛት አደጋ አለው? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ አለው። በ1713 የተሠራውን «ጊብሰን» የተባለ የስትራዲቫሪ ቫዮሊን ይውሰዱ። በ1936 ቫዮሊን ተጫዋቹ ብሮኒስላቭ ሁበርማን ኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ሲጫወት ከመልበሻ ክፍሉ ተሰረቀ። ጁልያን አልትማን የተባለ ተጫዋች ለሃምሳ ዓመት ያህል በየምግብ ቤቱና በየአዳራሹ ሲጫወትበት ኖረ፤ እንዳይታወቅ በጫማ ቀለም ሸፍኖት ነበር። በ1985 ሊሞት ሲል ለሚስቱ ተናገረ። መሣሪያው ከተመለሰ በኋላ ያንን ጥቁረት ማንሣት ብዙ ወራት ወሰደ፤ ከ2001 ጀምሮ በአሜሪካዊው ቫዮሊን ተጫዋች በጆሹዋ ቤል እጅ ነው።

ስለዚህ ሻጩን የሚጠይቁት የዋጋ ወረቀት ብቻ መሆን የለበትም። የቀደሙ ባለቤቶች ደረሰኝ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ የጥገና ደብዳቤ፣ ከፎቶ ጋር የተሰጠ የባለሙያ ምስክር ወረቀት ይጠይቁ። የምስክር ወረቀቱን ፎቶ ከፊትዎ ካለው መሣሪያ ጀርባ ጋር ያስተያዩ፤ የሜፕሉ ሞገድ እንደ ጣት አሻራ ነው፣ ዘመን አይለውጠውም። ቫርኒሹ ሊያልቅ፣ አንገቱ ሊቀየር ይችላል፤ ሞገዱ ግን የነበረው ነው። ወረቀቱ እውነተኛ ሆኖ የሌላ ቫዮሊን ወረቀት ሊሆንም ይችላል። ከአገር ወደ አገር ሲሻገሩ ደግሞ ደጋኑን አይርሱ፤ የዝሆን ጥርስ ወይም የኤሊ ቅርፊት ካለበት ፈቃድ ይጠየቃሉ።

ጥያቄ፦ «መሢሕ» ቢሸጥ ስንት ያወጣል? ተሰምቶስ ያውቃል? (የቫዮሊን ተማሪው፣ ሁለተኛ ደብዳቤ)

መልስ፦ ለሽያጭ ስለማይቀርብ ዋጋ የለውም። ለማነጻጸር ያህል፣ እንደሱው ብዙ ያልተነካው የ1721ዱ «ሌዲ ብላንት» በ2011 በ9.8 ሚሊዮን ፓውንድ ተሽጧል፤ ገንዘቡም ለጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች እርዳታ ዋለ።

ድምፁን በተመለከተ፣ ታዋቂው ቫዮሊን ተጫዋች ዮዜፍ ዮአኪም በ1891 ለክሮፎርድ በጻፈው ደብዳቤ ስለ መሣሪያው ድምፅ በአድናቆት ተናግሯል። ስለዚህ ፈጽሞ ዝም ብሎ አልኖረም። ኦክስፎርድ ከደረሱ የሙዚየሙ መግቢያ ነጻ ነው። በሣጥኑ ዙሪያ ይዙሩ፤ ከፊት ብቻ አይተው አይመለሱ። ጀርባውን ካዩ በኋላ ጎንበስ ብለው የጥምዙን ጠርዝ ይፈልጉ፤ ያች ጥቁር መስመር እዚያ አለች።